የሰንጋ ተራው የጽሕፈት ትምህርት

ሰንጋ ተራ ስሙን የወረሰው ከከብት ገበያ ነው፤ ለቢሮ ሰው ግን ሰንጋ ተራ ማለት «ኮሜርስ» ነው። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኋላ ኮሌጅ፣ ከዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ሆኖ በዚሁ ሰፈር ኖሯል።

የተከፈተበት ጊዜ የጭንቅ ጊዜ ነበር። ወራሪው ጣልያን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማሩ ወጣቶችን እያደነ ፈጅቷል። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ሚኒስቴሮች እንደ አዲስ ተደራጁ፤ በ1934 ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት፣ በ1935 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ መሥራት ጀመረ። ሁሉም ደብዳቤ የሚያረቅና መዝገብ የሚይዝ ሰው ፈለገ። ትምህርት ቤቱ የጸሐፊነትና የሂሳብ ሥራን ያስተማረው ለዚህ ፍላጎት ነው።

የጽሕፈት መኪና እያዩ የሚማሩት ነገር አይደለም። ተማሪው በአሥር ጣቱ፣ ቁልፎቹን ሳያይ እስኪመታ ድረስ ያንኑ ገጽ ይደጋግም ነበር። አማርኛ ደግሞ የራሱ ፈተና ነበረው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ የመኪናው ጥቂት ደርዘን ቁልፎች ፈጽሞ አይበቋቸውም። ከጣልያን ወረራ በፊት በዚህ ችግር ላይ የደከሙት መሐንዲስ አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ አካሉ በአንድ ምት፣ ቅጥያው በሌላ ምት ይታተማል። የፊደሉ መልክ በዚህ ተጎዳ፤ ፊደሉ ራሱ ይሻሻል የሚል ረጅም ክርክርም ተነሣ። መኪናው ግን አገለገለ፤ በኋላም የኦሊቬቲ አማርኛ መኪና በየመሥሪያ ቤቱ ገባ።

ከመኪናው ጋር የአጻጻፍ ልማድም ተለወጠ፤ ከሁሉም ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ይህ ነው። የቀድሞው ደብዳቤ «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ የላኪውንና የተቀባዩን ማዕረግ ይዘረዝራል፣ ጤና ይጠይቃል፣ ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ጉዳዩን የሚያነሣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። የቢሮው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ከላይ አስቀምጦ፣ «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ነገሩን ወዲያው ይናገራል፣ «ከሠላምታ ጋር» ብሎ ይዘጋል፣ በስተግርጌ «ግልባጭ» ይላል። ጸሐፊው አንባቢውን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት፤ ማን ይወስንበታል፣ ማንስ እንዲያውቀው ይደረጋል? ግልባጩን የሚያወጣው የካርቦን ወረቀትም ጥንቃቄን አስተማረ፤ በላይኛው ወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል በግልባጮቹ ሁሉ ላይ ይታተማልና።

ሙያው ለብዙ ሴቶች የደመወዝ በር ከፈተ፤ ጸሐፊነት በየቢሮው ከሴቶች ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ። ከቢሮ ውጭም ራፖር ጸሐፊው መኪናውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ዘርግቶ፣ መጻፍ የማይችለውን ባለጉዳይ ቃል በዚያው በቢሮ ደብዳቤ መልክ ያሰፍርለት ጀመር።

ኮምፒውተር ሲመጣ የተከፈለው ፊደል ሙሉ መልኩን መልሶ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ሰንጋ ተራና አካባቢውም የባንኮች መንደር ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በእነዚህ ቢሮዎች «ሱ»ን የሚጽፍ ሠራተኛ ዛሬም በብዙ የአማርኛ ሶፍትዌሮች መጀመሪያ የ«ሰ»ን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የድምፁን ቁልፍ ይመታል፤ እንደ መኪናው ዘመን ሁለት ምት ነው።