ጸጋ ዘአብ (የልብነ ድንግል መልእክተኛ)

ጸጋ ዘአብ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት ወደ ፖርቱጋል የተላኩ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1526 ከምጽዋ በሸራ መርከብ ተነሥተው፣ በህንድ በኩል አድርገውና አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ በሐምሌ 1527 ሊስቦን ገቡ። ወደ አገራቸው ግን አልተመለሱም።

የጉዞው መነሻ

በዶን ሮድሪጎ ዴ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አብረው ነበሩ። በ1523 ሊወስዳቸው የመጣ የመርከብ ጓድ ነበር፤ መልእክተኞቹ ግን መሀል አገር ስለነበሩ አልደረሱበትም። የመርከብ አዛዥ እንደ ልቡ መጠበቅ አይችልም ነበር፤ ነፋሱ ካለፈው እስከሚቀጥለው ዓመት እዚያው መቅረት ይሆናል። ጓዱ ትቶት የሄደው ደብዳቤ የንጉሥ ማኑኤልን ሞት የሚያረዳ ስለነበር፣ ልብነ ድንግል ለልጁ ለዮሐንስ 3ኛ አዲስ ደብዳቤ አጻፉ። ጸጋ ዘአብ አብረው እንዲሄዱ የተመረጡትም በዚህ ጊዜ ነው። በ1526 ኤክቶር ዳ ሲልቬይራ ከመርከቦቹ ጋር ምጽዋ ሲደርስ መልእክተኞቹ ተሳፈሩ።

የባሕሩ መንገድ

ዛሬ ካርታ ለሚያይ ሰው መንገዱ እንግዳ ይመስላል። የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም፤ ግብፅም ከ1517 ጀምሮ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች። ስለዚህ ወደ አውሮፓ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ መቅዘፍ ግድ ሆነ። መርከቦቹ በሖርሙዝ በኩል ህንድ ደረሱ፤ መንገደኞቹም የአውሮፓን ጉዞ ወቅት እዚያ ጠበቁ። በህንድ ውቅያኖስ ላይ በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የጉዞውን ቀን የሚወስነው እሱ ነበር። ወደ ፖርቱጋል የሚመለሱ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥና በጥር ይነሡ ነበር፤ እነ ጸጋ ዘአብም በጥር 1527 ተነሡ።

ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኋላ አትላንቲክ ይቀጥላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ፊት ለፊት ስለሚመጣ፣ መርከቦች ወደ ምዕራብ ሰፊ ቅስት ሠርተው በአዞሬስ ደሴቶች በኩል ወደ ሊስቦን ይታጠፉ ነበር። በዚህ መስመር ብዙ መርከበኛ የሚያልቀው በማዕበል ብቻ አልነበረም፤ ትኩስ ምግብ በማጣት ድድ የሚያደማው በሽታም ይጨርሰው ነበር።

ከደረሱ በኋላ

ሊስቦን ላይ ወረርሽኝ ስለነበረ ንጉሡ የተቀመጡት ኮይምብራ ነበር። መልእክተኞቹም ከከተማዋ ውጭ ሳምንታት ቆይተው በክብር ተቀበሏቸው። ክብሩ ግን አልዘለቀም። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት የሰንበትን፣ የግዝረትንና የጾምን ሥርዓት እያነሡ ጸጋ ዘአብን ይሞግቱ ነበር፤ ቅዱስ ቁርባንም ከለከሏቸው። ለአንድ መነኩሴ ከውቅያኖሱ ይልቅ ይህ ሳይከብድ አልቀረም። በ1534 የኢትዮጵያን እምነትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ የመጡት ለክርክር ሳይሆን ለወዳጅነት መሆኑንም ገለጹ። ዳሚያዎ ዴ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቬን ላይ አሳተመው። አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ራሱ ሃይማኖት የተናገረው ለአውሮፓ አንባቢ በሰፊው ከደረሰባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። የአልቫሬዝ የኢትዮጵያ መጽሐፍም በዚያው ዓመት ሊስቦን ላይ ወጣ።

በዚህ መካከል አገር ቤት ሁኔታው ተለውጧል። በ1529 ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ በአህመድ ግራኝ ተሸንፈው፣ የወዳጅነቱ ደብዳቤ የእርዳታ ጥሪ ሆነ። ጸጋ ዘአብ ከአሥር ዓመት በላይ ፖርቱጋል ከቆዩ በኋላ በ1539 የመመለሻውን መርከብ ተሳፈሩ፤ ሆኖም ህንድ ላይ አረፉ። ልብነ ድንግልም በ1540 ሞቱ። በክርስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ምጽዋ የወረዱት በ1541 ነው።