ፖሉ ለምን አይነሳም?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልቱ ገና ይሸታል፣ መሃሉ ላይ ግን አንድ የመብራት ፖል እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ሚኒባሶቹ በግራም በቀኝም ያልፉታል። እኛም "አይ የኛ አገር ሥራ!" ብለን ስቀን እናልፋለን። ሰሞኑን ግን የሳቅንበት ነገር ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ ሄድን።

መብራት እዚህ ከተማ የገባው በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሊያበራ ነው። አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ግቢ። ቆይቶ የአቃቂ ወንዝ ውሃ ኃይል ሰጠ። በ1948 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ (ዛሬም "መብራት ኃይል" የምንለው ከዚያ የቀረ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ስንቴ ስም ቢቀይር እኛ አልቀየርንም)። ሽቦው ሲዘረጋ መንገድ መንገዱን ተከተለ። መንገድ ዳር ከማንም አያጣላማ! ችግሩ መንገዱ ሲሰፋ ዳር የነበረው መሃል መሆኑ ነው። ደግነቱ እኛ ጋዝ የምናመጣው በሲሊንደር ነው። ቧንቧው ቢኖር ኖሮ እሱም ወረፋ ይይዝ ነበር።

ነገሩ ሕግ አጥቶም አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ስለ መስመር ማንሳት ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው። መሬቱን የፈለገው ክፍል በጽሑፍ ይጠይቃል። የመስመሩ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ የመተኪያውን ግምት ይልካል፣ ጠያቂው በ30 ቀን ይከፍላል፣ ባለቤቱ በ60 ቀን ያነሳል። ደመርነው፤ 120 ቀን። አራት ወር!

ታዲያ ምን ያዘው? እዚህ ጋ ነው ሳቃችን የቀነሰው። የተነቀለ ፖል ሌላ ቦታ መተከል አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው አጥር ነው፣ ሱቅ ነው፣ የአንዲት እናት ማድ ቤት ነው። አጥሩ እንዲፈርስ ካሳ ይገመታል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ምትክ ቦታ ይፈለጋል። ፖሉ ቤቱን ይጠብቃል፣ ዶዘሩ ፖሉን ይጠብቃል፣ ኮንትራክተሩ ደግሞ ቀን ይቆጥራል። ቦታው በጊዜው ካልተረከበ ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ የመጠየቅ መብት አለውና! የሚከፈለውም ከሕዝብ ኪስ ነው። መሃል ላይ ቆሞ የምንስቅበት ፖል እንግዲህ አንድ ያልተቋጨ የካሳ ፋይል ሊሆን ይችላል።

በሚያዝያ 2005 የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ግንባታ ሲነሳ ከተማው ወጥቶ አየ፣ ተከራከረ። በ2008 ሲመለስም እንደዚያው። በዚያው መስመር የተነሱትን ፖሎች ማን አያቸው?

በ2011 አዋጁ በሌላ፣ በቁጥር 1161፣ ተተካ። በ2016 የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ እስከ ቦሌ ሽቦው መሬት ውስጥ መግባት ያዘ። ለዓመታት አልነሳም ያለው ፖል በወራት ውስጥ ተነሳ። እኛም መጀመሪያ ተገረምን። ኋላ ግን ፒያሳን ስናስታውስ ነገሩ ገባን፤ ፖሉ የፈጠነው ቤቱ ስለፈጠነ ነው። የሚጠብቀው አጥር አልነበረም። አሁን በዚያ ስናልፍ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድም ሽቦ አይታይም፤ የቁርስ ቤቶቹ የት ጋ እንደነበሩ ግን እርስ በርሳችን እየተጠያየቅን ነው።