ሦስት ልጆች፣ አንድ ጠረጴዛ፦ በዕድሜ የተለያዩ ልጆችን በቤት ለማስተማር ዕቅድ ማውጣት

በሀገር ቤት ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በዓይኑ አይቶታል። አንድ ኡስታዝ አሉ፤ ዙሪያቸውን ደረሶች ተቀምጠዋል። አንዱ አሊፍ ባ ታ ይላል፣ ሌላው ጁዝ ዐማ ላይ ደርሷል፣ ትልቁ አል-በቀራን ጀምሯል። ሁሉም በየሉሁ ይቀራል፤ ተራው የደረሰ ቀርቦ ያሰማል፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀራል።

ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች፣ በተለይ በአሜሪካ ያሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚደክሙት ይህን ዘዴ ትተው በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት ለመክፈት ስለሚሞክሩ ነው። ለ5፣ ለ8 እና ለ12 ዓመት ልጅ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ቋንቋና ቁርኣን ለየብቻ ሲደለደል በቀን 15 ክፍለ ጊዜ ይመጣል። አንዲት እናት ይህን አትችለውም፤ ምሳም መሠራት አለበት።

ከዕቅዱ በፊት የሚኖሩበትን ሀገር ሕግ ይወቁ። በጀርመን ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ በስዊድንም የተለየ ምክንያት ከሌለ አይቻልም። በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ቢፈቀድም ዝርዝሩ ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅን ይጠይቃል። ሜሪላንድ ትምህርቱ ከመጀመሩ 15 ቀን ቀደም ብሎ ሊነገረው ይፈልጋል፤ የሚሰጡትን የትምህርት ዓይነቶችም ይዘረዝራል፤ የልጁንም ሥራ ያያል። ስለዚህ ልጆቹ የሠሩበትን ወረቀት አይጣሉ።

ቀጥሎ ትምህርቶቹን በሁለት ይክፈሉ። ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብና የቁርኣን ሒፍዝ በቅደም ተከተል ስለሚሄዱ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ናቸው፤ መደመር ያልያዘ ልጅ ማባዛት አይገባውም። ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ሲራና ጂኦግራፊ ግን ከየትም ሊጀመሩ ይችላሉ። እነዚህን ለሁሉም በአንድ ላይ ያስተምሩ፤ የሚለየው ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሥራ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሂጅራ እንውሰድ። እናት ታሪኩን አንዴ ለሁሉም ትናገራለች፦ በ615 ገደማ በመካ ግፍ የበዛባቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም በነጃሺ ፊት ቆመው ተናገሩ። የ5 ዓመቱ መርከብ ይሥላል፣ «ሐበሻ» የሚለውን ቃል ይገለብጣል። የ8 ዓመቱ ካርታ ላይ መካን፣ ቀይ ባሕርን፣ ትግራይ ያለችውን ነጋሽን ፈልጎ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የ12 ዓመቷ ጃዕፈር ያነሷቸውን ነጥቦች በራሷ ቃል ታስቀምጣለች። ከዚያ ከበድ ያለ ጥያቄ ይሰጣታል፦ ወደ መዲና የተደረገው ሂጅራ በ622 ከሆነ፣ የዘንድሮው የሂጅራ ዓመት ለምን ዝም ብሎ በመቀነስ አይገኝም? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ስለሆነ 33 የጨረቃ ዓመት ከ32 የፀሐይ ዓመት ጋር ይቀራረባል። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከጨመሩበት ሳምንቱን ሙሉ ሲያከራክራቸው ይሰነብታል።

ለብቻ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ይሁን፤ ከትንሹም ይጀምሩ። ለእሱ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። እናቱን አስቀድሞ ካገኘ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ ካላገኘ የታላላቆቹን ትምህርት ሲያውክ ያረፍዳል። በዚያ ሰዓት የ12 ዓመቷ ማታ በወረቀት የተጻፈላትን ሥራ ብቻዋን ትሠራለች፣ የ8 ዓመቱ ትናንት የሐፈዘውን ሙራጀዓ ያደርጋል። ቀጥሎ 25 ደቂቃ ለእሱ፣ 30 ደቂቃ ለእሷ። ታላቅ እህት ታናሿን ማስቀራቷ ለሁለቱም ይጠቅማል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከሆነ እሷ ተማሪነቷ ቀርቶ ሞግዚት ትሆናለች፤ በእኛ ቤት ይህ በሴት ልጆች ላይ ይበዛል።

ሰዓቱን በሶላት ማሰር ጥሩ ነው፤ ሶላቱን ግን ይምረጡ። በዋሽንግተን አካባቢ መግሪብ በሀገር ቤት አቆጣጠር በዲሴምበር ከ11 ሰዓት በፊት ሲገባ፣ በጁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በመግሪብ የታሰረ ትምህርት በበጋ ይፈርሳል። ዙህር በዚህ ያህል ስለማይርቅ ለብቻ የሚሰጡትን ከዙህር በፊት፣ የጋራውን ከዙህርና ከምሳ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

በውጭ ያደጉ ልጆች ዘንድ አማርኛ ለየት ያለ ችግር አለው፤ የ12 ዓመቷም የ5 ዓመቱም ከ«ሀ» ሊጀምሩ ይችላሉ። አንድ ላይ ካስቀመጧቸው ታላቋ ታፍራለች። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ናቸው፤ እሷ ጥቂት ሳምንት ቀድማ ትያዛቸው፣ ከዚያ ታናሿን ታስቆጥር።

ረመዳን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ መጀመሪያ እሱን ያስቀምጡ። በዚያ ወር አዲስ የሒሳብ ምዕራፍ አይጀመር፤ ቁርኣንና ንባብ ይበቃል፤ የጎደለው ከዒድ በኋላ ይሞላል። የትምህርት ቤት ልጆች ላሏቸው የሀገር ቤት ወላጆችም ይኸው አከፋፈል ለክረምት ዕረፍት ይሠራል።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ይያዙ። ሊያስተምሩ ያሰቡትን ሳይሆን ያስተማሩትን፣ ማታ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «8 ዓመት፣ ማካፈል፣ ቀሪ ያለው አልገባውም።» የነገው ዕቅድ ከዚሁ መስመር ይጀምራል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣም የሚታይ ነገር ይኖራል።