ሰምና ወርቅ በአራዳ

በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ስመ ጥር ነበሩ። በአንጥረኛ ጥበብ አስቀድሞ ቅርጹ በሰም ይበጃል፤ ሰሙም በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይፈስሳል። የቅኔ ሊቃውንትም የሚሰማውን ቃል ሰም፥ የተሸሸገውን ምስጢር ወርቅ ያሉት ከዚህ ሥራ ወስደው ነው።

በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የምሳሌን ትርጓሜ አጥንቶ ብቻ አይሰናበትም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲሳሳት እየታረመ እስከ መወድስ ይደርሳል።

በ1900ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ የከተማይቱ ልጆች ከግብፃውያን መምህራን የውጭ ቋንቋ ይማሩ ጀመር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በአዲስ አበባ ባሳተሙ ጊዜ፥ በቃል ይተላለፍ የነበረው ሀብት ለአዲሱ ተማሪ በመጽሐፍ ቀረበለት። ነገር ግን መጽሐፍ የመምህሩን እርማት አይተካም።

ዛሬ በመካከለኛ ክፍል ያለ ተማሪ ተነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ እያለ የዘይቤን ስም ይማራል። ስም መቍጠር ግን ቅኔ መቍጠር አይደለም። ሁለት ስንኝ ገጥሞ በጓደኞቹ ፊት ካልተናገረና ካልታረመ፥ ስሙን ይዞ ወርቁን ያጣል።