የተዘጋ የግራፊክስ ካርድ በነጻው ሊኑክስ ውስጥ

ሊኑክስ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ የሚያካሂድ፥ የፕሮግራሙም ጽሑፍ ለማንም ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሄልሲንኪ ሲጀምረው ገና ተማሪ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ አሠራሩን በምስጢር የሚይዘው የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርድ በዚህ ነጻ ሥርዓት ውስጥ እንዴት ሊኖር እንደቻለ ነው።

ካርዱ ያለ ድራይቨር አይታዘዝም፤ ድራይቨር ማለት በከርነሉና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነውና። ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ቢሰጥም፥ ዋናው ክፍል በማሽን ቋንቋ የታሸገ ስለ ነበረ ማንም አንብቦ ሊያርመው አልቻለም። የከርነሉም ሠራተኞች ዝግ ድራይቨር የገባበትን ከርነል «የተበከለ» የሚል ምልክት ያደርጉበታል፤ ብልሽቱንም ለመመርመር ብዙ ጊዜ ፈቃደኞች አይደሉም።

ተፎካካሪው ኤ.ኤም.ዲ. በ2007 የካርዶቹን መግለጫ ማውጣት ጀመረ። ከኤንቪዲያ ግን ይህን የመሰለ መግለጫ ስላልተገኘ፥ ኑቮ በሚል ስም የተሰበሰቡ ሰዎች የወሰዱት መንገድ እጅግ ያስደንቀናል። ይኸውም ዝጉ ድራይቨር ወደ ካርዱ የሚጽፈውን ቁጥር ይቀዳሉ፤ አንድ ነገር ለውጠው እንደገና ይቀዳሉ፤ ሁለቱን አስተያይተው የቁጥሩን ትርጉም ያወጣሉ። መዝገበ ቃላት የሌለውን ቋንቋ የሌሎችን ንግግር በማዳመጥ ብቻ እንደ መማር ያለ ሥራ ነው። ድካማቸውም ፍሬ አፍርቶ በ2010 በወጣው የ2.6.33 ከርነል ውስጥ ገባ።

ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ አገር በአደባባይ ኤንቪዲያን መስደቡ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በእኛ አስተያየት ግን ከስድቡ ይልቅ ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ይበልጣል። በ2014 የወጡት የሁለተኛው ትውልድ ማክስዌል ካርዶች፥ ከውስጥ የሚያንቀሳቅሳቸው ፈርምዌር የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ከሌለበት አይቀበሉትም። ስለዚህ ኑቮ ፍጥነታቸውን ከፍ ማድረግ ተሳነው፤ ካርዱም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባገኘው ዝቅተኛ ፍጥነት ያዘግማል።

ኩባንያው በ2022 ከከርነሉ ጋራ የሚሠራውን ክፍል ጽሑፍ ክፍት አደረገ። ነገር ግን ቀድሞ በድራይቨሩ ውስጥ ከነበረው ሥራ ብዙው፥ በካርዱ ላይ ወዳለው ጂ.ኤስ.ፒ. ወደሚባል ፕሮሰሰር ተዛውሯል፤ የዚህም ፈርምዌር ዝግ ነው። ቁልፉ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም ለማለት እንደፍራለን። ኑቮም ቢሆን ዛሬ አዲሶቹን ካርዶች በሙሉ ፍጥነት የሚያሠራው በዚሁ ዝግ ፈርምዌር አማካይነት ነው።

በመካከል የቀሩት በ2016 መውጣት የጀመሩት የፓስካል ካርዶችና መሰሎቻቸው ናቸው። ጂ.ኤስ.ፒ. ስለሌላቸው ክፍቱ ጽሑፍ አያገለግላቸውም፤ ኑቮም ፍጥነታቸውን ሊለውጥ አልቻለም። ኩባንያው ደግሞ 580 የተባለው የድራይቨር ቅርንጫፍ ለእነርሱ የመጨረሻው መሆኑን በ2025 አስታውቋል።