ፊልምን ገድል የሚያደርገው ምንድን ነው?



ባለፈው እሑድ ማኅበራችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ክርክር ተነሣ። ክርክሩ «ኤፒክ የሚባለው ፊልም ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነበር። አንዷ «ብዙ ፈረስና ብዙ ጦር ያለበት ነው» አለች። ሌላዋ «ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት» አለች። አንዷ ደግሞ «ሲያልቅ ሶፍት የሚያስጨርስ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ሳህን ሳጥብም ልብስ ስተኩስም ሳስበው ሰነበትኩ። አሁን መልሱን ያገኘሁት ስለመሰለኝ ጻፍኩላችሁ።

ለዚህ ቃል በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው «ገድል» ይመስለኛል። ገድል ሲባል ትዝ የሚለን የሠራዊቱ ብዛት አይደለም፤ አንድ ሰው የጸናበት ነገር ነው። ሌላም ነገር አለ። አይቶ የተናገረ፣ ሰምቶ የያዘ ሰው ከሌለ የጸናውም ሰው ተረስቶ ይቀራል። ይሄ የገባኝ በረመዳን፣ በአሠሪዎቼ ቤት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ባየሁት ፊልም ነው።

ፊልሙ በአረብኛ «አር-ሪሳላ» ይባላል፤ «መልእክቱ» ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል። የሠራው በሶርያ ሐለብ የተወለደው ሙስጠፋ አል-አቃድ ነው። የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚተርከው የእስልምናን አጀማመር ነው። አል-አቃድ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው፤ አንዱን በአረብኛ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ። ታሪኩ ያው ሆኖ ተዋናዮቹ ይለያያሉ። የነቢዩን አጎት ሐምዛን በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን፣ በአረብኛው አብደላ ገይስ ሆነው ሠርተዋል። ለቀረጻው ሞሮኮ ውስጥ መካን የሚመስል ከተማ ተሠርቶ ነበር። በኋላ ግን እዚያ መቅረጽ ስለተከለከሉ ወደ ሊቢያ ሄደው ጨረሱት። እንግዲህ በድካምም በወጪም ከተለካ ግዙፍ ነው። ፈረሱም ግመሉም አለ፣ የበድርና የኡሑድ ጦርነትም አለ።

እኔን የያዙኝ ግን ሁለት ቦታዎች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሐበሻ አለ።

አንደኛው ቢላል ነው። ቢላል ዘሩ ከሐበሻ የሆነ፣ መካ ውስጥ በባርነት የኖረ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ጌታው አለንጋ ይሰጠውና አንዱን ድሃ አማኝ እንዲገርፍ ያዘዋል። ቢላል አለንጋውን ይጥለዋል። በቃ፣ የሚያደርገው ይችን ብቻ ነው። እህቶቼ፣ በሰው ቤት ታዞ የኖረ ሰው ያችን ደቂቃ እንዴት እንደሚያያት እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ የያዝኩትን ትሪ አጥብቄ ነው የያዝኩት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ እሱ ግን ቃሉን አያጥፍም። ያ አፉን እንዲዘጋ የተገረፈ ሰው በኋላ ሕዝቡን ለሶላት የሚጠራ የመጀመሪያው ድምፅ ሆነ።

ሁለተኛው ንጉሡ ነው። መካ ውስጥ መከራ ሲበዛባቸው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከነቢዩ ተከታዮች አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት ተሰደዱ። ትምህርት ቤት ስንማር ይሄ አንድ መስመር ነበር፤ ለፈተና ብዬ ሸምድጄው ረሳሁት። ፊልሙ ላይ ግን ያ መስመር ሰው ሆኖ ቆመ። የመካ ሹማምንት ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ይልካሉ። «የሸሹብንን ሰዎች መልሱልን» ነው የሚሉት። ንጉሡ «እነሱን ሳልሰማ አልሰጥም» ይላል። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ተነሥቶ ይናገራል፤ ስለ ማርያምም ከቁርኣን ያነባል። ንጉሡ ሰምቶ በዘንጉ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል። በእናንተና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ መስመር አይወፍርም ማለቱ ነው። ስደተኞቹንም አሳልፎ አይሰጥም።

የሸሸን ሰው «መልሱልኝ» የሚል ሲመጣ፣ ስጦታ ተይዞ ሲመጣ፣ «መጀመሪያ እሷን ልስማት» የሚል ሰው ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ያን ጊዜ የማዳም እናት፣ እኛ ቴታ የምንላቸው አሮጊት፣ ከሶፋው ላይ ጠሩኝ። «ነይ ቁጭ በይ፤ ንጉሥሽ መጣ» አሉኝ። ማዳም ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ምንጣፉ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ። ፊልሙ ሲያልቅ ቴታ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። «ይሄን የንጉሡን ታሪክ ለእኛ የነገረችን ሴት ናት፤ ኡሙ ሰላማ ትባላለች፤ እዚያው ነበረች» አሉኝ።

እሑድ የኮምቦልቻዋን ጓደኛችንን ጠየቅኳት፤ አባቷ ቁርኣን አስተማሪ ናቸው። እውነት ነው አለችኝ። ኡሙ ሰላማ ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ነች። ኢብን ኢስሐቅ የሚባለው ጸሐፊ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የነቢዩን ታሪክ ሲጽፍ፣ በንጉሡ ፊት የሆነውን ያገኘው ከእሷ አፍ ሲወርድ በመጣው ቃል ነው። በሰው አገር በሰላም እንደኖሩ፣ ማንም ክፉ እንዳላናገራቸው የተናገረችው እሷ ናት።

ፊልሙ ላይ የሌለ ነገርም ተናግራለች። በንጉሡ ላይ ባላንጣ ተነሣበት። ስደተኞቹ «እሱ ከተሸነፈ እኛስ ምን ይውጠናል?» ብለው ተጨነቁ። ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ በትረካው አባይ ነው የሚለው። በዕድሜ ከሁሉም ትንሹን፣ ዙበይርን፣ በአየር የተነፋ የውኃ አቁማዳ ደረቱ ሥር አድርገውለት ዋኝቶ እንዲሻገር ላኩት። እነሱ ወዲህ ማዶ ቆመው ንጉሡ እንዲያሸንፍ ይጸልዩ ነበር። ልጁ ተመልሶ እየሮጠ መጣ፤ ንጉሡ ድል ማድረጉን አበሠራቸው። እኔ ከበድር ጦርነት ይልቅ ይህን ባየሁ ደስ ይለኝ ነበር። የጦርነቱ ወሬ እስኪመጣ ወንዝ ዳር ቆሞ መጠበቅን እኛ እናውቀዋለን፤ አገር ቤት ጦርነት ሆኖ ስልክ የተቋረጠ ጊዜ እንዲሁ ነበርን።

ታዲያ ኡሙ ሰላማ ፊልሙ ላይ ለምን የለችም? ለሃይማኖቱ ክብር ሲባል ነቢዩ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች ወደ ካሜራው ሲናገሩ ለእሳቸው እንደሚናገሩ ይገባናል። ባለቤቶቻቸውም አይታዩም። ኡሙ ሰላማ ደግሞ ባሏ ከሞተ በኋላ ነቢዩን ስላገባች እሷም አትታይም። ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም። እንዲያውም ፊልሙን ያከበደው ይሄ ነው። ሺህ ሰው እናያለን፤ ታሪኩን የያዙት ግን የማናያቸው ናቸው።

አል-አቃድ በ1981 እ.ኤ.አ. ሌላ ፊልም አወጣ፤ «የበረሃው አንበሳ» ይባላል። በጣልያን ላይ የተዋጋው የሊቢያው ሽማግሌ የዑመር አል-ሙኽታር ታሪክ ነው። ዑመር የቁርኣን መምህር ነበር፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች ሰቀሉት። እሱን ያሳደደው ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። አዎ፣ ያው የእኛው ግራዚያኒ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም ያጠባት። ፊልሙ ታንክም አውሮፕላንም አለበት። መጨረሻው ግን አንድ መነጽር ነው። ሽማግሌው ሲሰቀል መነጽሩ ይወድቃል፤ አንድ ትንሽ ልጅ ያነሣዋል። የጣልያን መንግሥት ፊልሙን አግዶት ቆይቶ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ታንኩማ የእነሱ ነበር፤ ያስፈራቸው ልጁ ያነሣው መነጽር ይመስለኛል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ፊልምን ገድል የሚያደርገው ፈረሱ ብቻ አይደለም። አንድ ትንሽ የተባለ ሰው «እምቢ» ያለበት ቦታ መኖር አለበት። ያንን አይቶ የሚይዝ ሰውም መኖር አለበት፤ አለንጋውን የጣለውን የሚናገር፣ መነጽሩን የሚያነሣ፣ ከወንዙ ዳር ቆሞ ያየውን የሚተርክ።

እህቶቼ፣ የእኛን ስደት ፊልም የሚያደርገው ይኑር አይኑር አላውቅም። ኡሙ ሰላማም ያኔ ፊልም አላሰበችም፤ ያየችውን ተናገረች እንጂ። ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ደብተር አስቀምጠናል። መጻፍ የማትችል ካለች እሑድ እሑድ እኔ አለሁ፤ እሷ ትንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።