የቄጠማ ዳክዬዎች

የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ፣ አሁን ኔቫዳ በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ምድረ በዳ፣ አንድ ሰው ከቄጠማ 11 ዳክዬዎች ሠርቶ ዋሻ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ደበቃቸው። አንድ ሰው እንበል እንጂ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ የሚነግረን የለም። ዳክዬዎቹ ግን አሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ልናወራ ነው። የታሪክ ተማሪ ሆኖ ስለ ዳክዬ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እስኪ ታገሡን።

ለመሆኑ የውሸት ዳክዬ ለሰው ምን ያደርግለታል? ነገሩ እንዲህ ነው። የዱር ዳክዬ በማታውቀው ውሃ ላይ ለማረፍ ትፈራለች። ከላይ ሆና ስታይ ወገኖቿ ተረጋግተው ሲንሳፈፉ ካገኘች ግን “እዚህስ ደኅና ነው” ብላ ትወርዳለች። አዳኙ ታዲያ ይህን ጠባይዋን ያውቃል፤ አስመሳዮቹን ውሃው ላይ ያሰማራና እሱ ረግረጉ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል። ለዚህ ዕቃ በአማርኛ የወጣለት ስም ስላላገኘን “አባባይ ዳክዬ” ብለነዋል። የተሻለ ያለው ይንገረን።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። እዚያ ቱሊ የሚሉት የረግረግ ተክል ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ጋርም፣ የጣና ሰዎች ታንኳ ከሚሠሩበት ደንገል ጋርም ቤተሰቡ አንድ ነው። የዚያ አገር ሰዎችም እኮ ታንኳቸውን የሚሠሩት ቱሊውን በነዶ በነዶ አስረው ነበር። ለዳክዬው ሲሆን አንድ ጭብጥ ቄጠማ ታጥፎ ይታሰርና ሆድና ጀርባ ይሆናል፤ ጫፉ ተቆርጦ ጭራ ይወጣዋል። አንገትና ራስ ለብቻው ታጥፎ፣ በተሰነጠቀ ቀጭን ቄጠማ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ነጭ ላባም በሰውነቱ ላይ ይሰካል። ብረት የሚባል ነገር አልነካውም። ሠሪው ግን “ዳክዬ ይምሰል እንጂ” ብሎ አልተወውም። ቀላ ያለው ራስ፣ ጥቁሩ ደረት፣ ነጩ ጀርባ ተለይተው ስለሚታዩ፣ ወፍ የሚያውቅ ሰው ካንቫስባክ የተባለው ዝርያ መሆኑን ሳይቸገር ይናገራል። ወፏን ለዓመታት ተቀምጦ ያላየ ሰው ይህን አይሠራም። ይህ ዕውቀት ካልሆነ ዕውቀት ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ዋሻው እንመለስ። ስሙ ላቭሎክ ነው። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ሰዎች የሌሊት ወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ሊሸጡ ገብተው መቆፈር ጀመሩ። ወደ 250 ቶን የሚሆን ኩስ አውጥተው ሸጡ። ከኩሱ ጋር የወጣውን ቅርስ ግን አብዛኛውን እንደ ጥራጊ ከዋሻው ደጅ ጣሉት። የስንት እናት ቅርጫት፣ የስንት አባት መረብ በዚያ እንደ ቀረ ማን ይቆጥረዋል! በ1912 ሉዌሊን ላውድ የተባለ ሰው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተልኮ የተረፈውን ለቀመ፤ የተረፈውም ወደ 10,000 ዕቃ ነበር። በ1924 ከማርክ ሃሪንግተን ጋር ተመልሶ ሲቆፍሩ ዳክዬዎቹ ከተደበቁበት ወጡ። ዕድሜያቸው በካርቦን የተለካው በ1980ዎቹ ነው። ወደ ኒው ዮርክ ሙዚየም ተወስደው፣ ሙዚየሙ በ1989 ለስሚዝሶኒያን ሲተላለፍ አብረው ተላለፉ። ከረግረጉ ርቀው መስታወት ውስጥ ገቡ ማለት ነው።

ነጮቹ ሰፋሪዎች በበኩላቸው አባባይ ዳክዬን ከእንጨት ይጠርቡ ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡርና ጠመንጃ ሲስፋፉ የምሥራቁ ጠረፍ አዳኞች፣ በተለይ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤዎቹ፣ ለከተማ ምግብ ቤት ዳክዬ በገፍ ያቀርቡ ነበር፤ ከሁሉ የሚፈለገውም ያው ካንቫስባክ ነበር። ወፉ ሲመናመን የ1918ቱ ሕግ የገበያውን አደን አስቆመ፤ በ1935 ደግሞ በሕይወት ያለ ዳክዬ አስሮ ሌላውን ማባበል ተከለከለ። እንጨቱ ዳክዬ ግን ተፈቅዶ ቀረ፤ ውሎ አድሮም የሰብሳቢዎች ጌጥ ሆነ። የኬፕ ኮዱ ጠራቢ ኤልመር ክሮዌል የሠራቸው ሁለቱ በ2007 እያንዳንዳቸው በ1.13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ሰውዬው ራሱ ለሀብታሞች የአደን ሰፈር የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበር፤ በ1952 ስለ ሞተ ይህን ዋጋ አላየውም።

በክሮዌል አንቀናም። እጁ የተባረከ ነበር። ነገር ግን የእሱ ስም ተጽፎ የዋሻው ሠሪ ስም አለመጻፉ የጊዜ ርቀት ብቻ ያመጣው አይመስለንም። የቄጠማው ሥራ እኮ ዋሻ ውስጥ ተቀብሮ አልቀረም። በዚያው አካባቢ የሚኖሩት ሰሜናዊ ፓዩቶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አባባይ ዳክዬን ከቱሊ ይሠሩ ነበር፤ እነርሱ ደግሞ እውነተኛ የዳክዬ ቆዳ ከነላባው ያለብሱታል። ማርጋሬት ዊት የተባለች ጸሐፊ እንደ ዋዚ ጆርጅ ካሉ ሽማግሌዎች ተቀምጣ የረግረጉን ሙያ መዝግባ በ1967 መጽሐፍ አወጣች። የዋሻው ሰዎች የፓዩቶች አያቶች ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ምሁራኑ ሲከራከሩ ኖረዋል። ይከራከሩ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የሽማግሌዎቹን እጅ ቁጭ ብሎ ማየትም ምርምር ነው፤ እኛ በክፍል ውስጥ ይህን ሲሉን የሰማነው እምብዛም ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚብሰው ደግሞ የውሃው ነገር ነው። የመስኖው አዋጅ በ1902 ወጣ፤ በ1905 የትራኪ ወንዝ ተገደበና ውሃው ወደ እርሻ ተጠለፈ። ከዋሻው ብዙም የማይርቀው የዊነሙካ ሐይቅ በ1930ዎቹ መጨረሻ ደርቆ አለቀ። በ1936 የወፎች መጠለያ ብለው ከልለውት ነበር፤ ውሃ ለሌለው ሐይቅ መጠለያነቱ ምን ይረባዋል፣ በ1962 ስሙን ሰረዙት። ቱሊው ካልበቀለ አባባዩም የለም፣ የምትባበለዋም የለችም። ኔቫዳ ግን በ1995 የቱሊውን ዳክዬ የግዛቲቱ መለያ ቅርስ አድርጋ በሕግ አጸደቀችው። ክብሩ ይገባዋል፤ ከውሃው መቅደሙ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ሳንናገር ቀርቶ ነበር። ከ11ዱ ዳክዬዎች 8ቱ ቀለማቸውም ላባቸውም የተሟላ ነው። 3ቱ አላለቁም። ሠሪው ካለቁት ጋር አብሮ በጥንቃቄ አስቀምጧቸዋል፤ ሊመለስ ነበር መሰለን።